መዋጮ ሰብሳቢ የመሰለን እንግዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ቤታችን ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ያገኘሁት በአንድ እጁ የስም ዝርዝር፣ በሌላው የራሱ ፎቶግራፍ ያለበትን በራሪ ወረቀት የያዘ፣ ካፖርቱን ዝናብ ያረጠበው ጎልማሳ ነበር። ስሜን ከነአባቴ እንደምንም አጣምሞ ጠራና ለከተማው ምክር ቤት እንደሚወዳደር ነገረኝ፤ ቀጥሎም በሰፈራችን የሚያስቸግረን ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ከውስጥ «ማነው?» አለች። ነገሩን ለማቅለል «የቀበሌ ተመራጭ ለመሆን የሚፈልግ ሰውዬ ነው» ብላት ወዲያው ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች። «መዋጮው ደግሞ የምንድን ነው?»

እናቴን አልፈረድኩባትም። እሷ በኖረችበት ከተማ ከመንግሥት ወገን ዝርዝር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ወይ ገንዘብ ሊሰበስብ፣ ወይ ስብሰባ ሊጠራ፣ ወይ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ሊቆጥር ነው። ተመራጭ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ራሱ ደጃፍ ድረስ መጥቶ «ምን ያስቸግራችኋል?» ማለቱ በዕድሜዋ ሁሉ አላጋጠማትም። እኔም ብሆን የሰውዬው ዝርዝር መጀመሪያ አስደንግጦኛል፤ ስሜ፣ አድራሻዬ፣ የተመዘገብኩበት ፓርቲና በየትኞቹ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠሁ (ለማን እንደሰጠሁ ግን አይደለም) ተጽፎበታል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው እንቅልፍ ይነሣል። እዚህ ግን መዝገቡ ለማንኛውም ተወዳዳሪ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዋና ጥቅሙም ድምፅ የመስጠት ልማድ ያለው ሰው የትኛው በር ውስጥ እንዳለ ማሳወቁ ነው።

ደግሞም እናቴ ጨርሶ አልተሳሳተችም፤ ሰውዬው ሲሰናበት መዋጮ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የከተማው ሕግ በፈቀደው አሠራር የገባ የዋርድ (የከተማው የምርጫ ክልል) ተወዳዳሪ ከአንድ ሰው ከ50 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም፤ በምትኩ የከተማው ነዋሪ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ዶላር ከተማው አምስት ዶላር ይጨምርለታል። የሰጠሁት 10 ዶላር በዚህ ስሌት 60 ሆነለት። የሕንፃ ነጋዴዎች ከሚጋብዙት አንድ ምሳ ይልቅ የተራ ነዋሪዎችን በር ማንኳኳት አዋጭ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነው።

የዋሽንግተን ምክር ቤት 13 አባላት አሉት። ስምንቱ እያንዳንዳቸው 86,000 ያህል ነዋሪ ያለበትን ዋርድ ሲወክሉ፣ ሊቀመንበሩንና አራቱን ደግሞ መላው ከተማ ይመርጣቸዋል። ከእነርሱ በታች ወደ 2,000 ሰው የሚወክሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነሮች አሉ። ይህ ታናሽ ወንበር የሚናቅ አይደለም። ሙሪየል ባውዘር እ.ኤ.አ. በ2004 የሰፈር ኮሚሽነር ሆነው ተመረጡ፣ በ2007 የምክር ቤት አባል ሆኑ፣ በ2015 ደግሞ የከተማዋን ከንቲባነት ተረከቡ። የኮሚሽነሩን ማንነት ጠንቅቀው የሚያውቁት የእኛዎቹ ምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ የኮሚሽኑ አስተያየት ክብደት ስላለው፣ ጎረቤት በጩኸት የከሰሰው ቤት ባለቤት እዚያ ቀርቦ ማስረዳት ይኖርበታል። የቀረነው ግን የአዲስ አበባን ሹም ሽር በየሰዓቱ እየተከታተልን፣ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ስለሚቆመው ሕንፃ አስተያየት የሚሰጠውን ሰው ስም አናውቅም።

በር ማንኳኳት ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ መተዉም ምን ያህል እንደሚያስከፍል የቀድሞውን ከንቲባ የኤድሪያን ፌንቲን ታሪክ የሚያህል ማሳያ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ሳሉ፣ በዋርድ 4 ለሃያ ዓመት ያህል ወንበሩን የያዙትን ሻርሊን ድሩ ጃርቪስን በር ለበር እየዞሩ አሸነፉ። በ2006 ለከንቲባነት ሲወዳደሩም ያንኑ ዘዴ ወደ መላው ከተማ አስፋፉትና ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩውን በሚለይበት የቅድሚያ ምርጫ 142ቱንም የምርጫ ጣቢያዎች ያለ አንድ ጉድለት ወሰዱ። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ትምህርት ቤቶችን ሲያሻሽሉም ሆነ ሌላ ውሳኔ ሲያሳልፉ «አይሰማም» መባል ጀመሩ። እኛን በቀጥታ የነካን በ2008 ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆየውን የታክሲ የቀጣና ታሪፍ አስቀርተው ሜትር (የጉዞ ሒሳብ መቁጠሪያ) ማስገባታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማው ታክሲ መሪ ላይ የነበረው አበሻ ብዛት ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ ለተሳፋሪው ግልጽ ዋጋ ያመጣው ለውጥ ለሾፌሩ የገቢ ጭንቀት ሆነ። እንደ ተሳፋሪ ሜትሩን ወድጄው ነበር፤ ሾፌር ከሆኑት ጓደኞቼ ፊት ግን ይህን ደፍሬ አልተናገርኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፌንቲ ያንኑ የቅድሚያ ምርጫ በቪንሰንት ግሬይ ተሸነፉ። የሾፌሮቹ ቅሬታ ብቻውን ጣላቸው የሚል ሞኝ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ስለ ኢትዮጵያ ካልሆነ ስለ ፖለቲካ የማያወሩ ሰዎች ስለ ከተማው ምርጫ ሲከራከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ለማኅበረሰባችን ቅርብ ከነበሩት የምክር ቤት አባላት መካከል ደግሞ ዩ ስትሪትንና አዳምስ ሞርጋንን የሚያቅፈውን ዋርድ 1 እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመታት የወከሉትን ጂም ግራምን አለማንሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀውን የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ካቀረቡት መካከል ነበሩ፤ ዛሬ አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚና የተተረጎመ ቅጽ የሚያቀርቡበት ቋንቋ ነው። በእናቴ ጉብኝት ጊዜ በአንድ የከተማው ቢሮ ግድግዳ ላይ በፊደላችን የተጻፈ ማስታወቂያ አይታ ቆማ አነበበችው፤ ይህን ያመጣው ኤምባሲ ሳይሆን የአንድ ዋርድ ተመራጭ ነው ስላት አላመነችኝም።

ይሁን እንጂ የዚህን አገር ፖለቲካ በማር ቀብቼ ማቅረብ አልፈልግም። የእኚሁ ተመራጭ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታክሲ ሕግ ጋር በተያያዘ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ተይዞ ኋላ ጥፋቱን አምኗል፤ በዚያ ጉዳይ ከተከሰሱት መካከል የእኛም ሰዎች ነበሩበት። ግራም ራሳቸው በዚያ አልተከሰሱም። በ2013 ግን በሌላ የውል ጉዳይ ባልደረቦቻቸው በድምፅ ብልጫ ወቀሷቸው፣ በዓመቱም የዋርዱ መራጭ በቅድሚያ ምርጫው አሰናበታቸው። ለእኛ የሠሩልን ሰው መሸነፋቸው ቅር ቢለኝም፣ ሠላሳ ደቂቃ ተሰልፎ ድምፅ በመስጠት ብቻ ተመራጭ መሸኘት መቻሉ ከቅሬታዬ በላይ አስገርሞኛል።

በተወካይ መወደድም ሁሉን አያስገኝም። ሎስ አንጀለስ ላይ የምክር ቤት አባሉ ኔት ሆልደን ሐሳቡን አንስተው እ.ኤ.አ. በ2002 የፌርፋክስ አቬኑ አንድ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲሰየም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ባለው ዘጠነኛ ጎዳና ላይ የተሞከረው ተመሳሳይ ስያሜ ነባር ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ስለተቃወሙት ሳይሳካ ቀረ። ዩ ስትሪት የእነርሱ የጥበብና የንግድ ማዕከል የነበረ ሰፈር ነውና፣ እኔ በበኩሌ ተቃውሞአቸውን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ አገር ቤት ስመለስ የማስታውሰው ቁጥር 137 ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ወንበሩን ሳይረከብ ቀርቶም ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። የያኔው የምርጫ ሰልፍ ሕዝባችን በድምፁ አያምንም ለሚሉ ሁሉ መልስ ይሆናል። ነገር ግን ያን ድምፅ የሰጠነው ለፓርቲና ለአገር ዕጣ እንጂ ሰፈራችንን ለሚወክል አንድ የታወቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም የሰጠኋቸውን ዕጩዎች ስም በማግስቱ ረስቼዋለሁ። ዛሬም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎችን ሳነጋግር ስለ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ክፍለ ከተማው፣ ስለ ከንቲባዋ ያነሡልኛል፤ «የምክር ቤት ተወካያችን ዘንድ ሄድን» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ይህ ማለት ለጎረቤቱ የሚቆም ሰው የለም ማለት አይደለም። በእናቴ ሰፈር የውሃው መስመር ሲሰበር ፊርማ የሚያሰባስበው፣ ለኮብልስቶኑ ገንዘብ የሚያዋጣው፣ አቤቱታውን ይዞ ወረዳ የሚመላለሰው የእድሩ ጸሐፊ ነው። እዚህ የምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት ለዚሁ ሥራ ብቻ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ እዚያ ያለ ደመወዝና ያለ ሥልጣን፣ በጨዋነት ብቻ ይሠራል። ልዩነቱ ወረዳው የእድሩን ጸሐፊ ባይሰማው የሚያጣው ነገር አለመኖሩ ነው። እዚህ ያለነው ደግሞ ተመራጮቹ የሚያጡት ነገር በእጃችን ሆኖ ሳለ ሳንጠቀምበት እንቀመጣለን። «ዜግነት የለኝም» የሚለው ምክንያት እንኳ በዋሽንግተን ውድቅ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ መሠረት ለ30 ቀን የኖረ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2024 የከተማ ምርጫ ድምፅ መስጠት ችሏል። ስለ አገራችን በስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ ስንሰለፍ የሚታየው ብዛት ግን በዚያ ዓመት በሰፈሬ ምርጫ ጣቢያ አልታየም።

ያን ቅዳሜ ለእንግዳው ከቤታችን ጀርባ ያለው መተላለፊያ መብራት ከጠፋ ወራት እንደሆነው ነገርኩት፤ እናቴም ቡና ካልጠጣ አይወጣም ብላ አንድ ስኒ አስያዘችው። ከተመለሰች በኋላ ስልክ ስንደዋወል መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያ የአምፖሉ ሰውዬ ተመረጠ ወይ?» ብላ ነበር። መመረጡንም አምፖሉ መቀየሩንም ነገርኳትና፣ የእናንተስ ሰፈር ተወካይ ማነው አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «የእድሩን ጸሐፊ ነው የምትለኝ?» አለችኝ።