ኡዳይ ሻንካር ያሳየው የማንን ውዝዋዜ ነው?

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቃዋሚ፦ ህንዳዊው ዳንሰኛ ኡዳይ ሻንካር በ1920 ለንደን የገባው ሥዕል ሊማር ነው። በ1923 ከሩሲያዊቷ የባሌት ኮከብ ከአና ፓቭሎቫ ጋር በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቴአትር መድረክ ላይ የሂንዱ አምላክ ክሪሽናን ሆኖ ሲወዛወዝ፣ ገና አንድም የውዝዋዜ መምህር እግር ሥር አልተቀመጠም። በህንድ ተማሪ ለዓመታት ምቱን በአፉ እየጠራ በእግሩ ይመታል፤ ዓይንና ቅንድብ እንኳ ለብቻቸው ይሠለጥናሉ። እርሱ ግን የሐውልትና የሥዕል አቋም ቀድቶ አንቀሳቀሰው። ለንደንም «ህንድ ይህች ናት» ብላ አጨበጨበች። በተመልካቹ አልፈርድም፤ ከየት ያውቃል?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ከእርሱ በፊት መድረኩ ንጹሕ የነበረ አስመሰሉት። አሜሪካዊቷ ሩት ሴንት ዴኒስ በ1906 «ራዳ» የተባለውን የህንድ መሰል ውዝዋዜዋን ስታቀርብ የህንድን ምድር ረግጣ አታውቅም ነበር። ሻንካር በ1931 ፓሪስ ሻንዜሊዜ ቴአትር ሲቀርብ ግን ሳሮድ የተባለ የክር መሣሪያና ከበሮ የያዙ ህንዳውያን ሙዚቀኞች አስከትሎ ነው። ኋላ ሲታር በተባለው የክር መሣሪያ ዓለም ሁሉ ያወቀው ታናሽ ወንድሙ ራቪ፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አብሮ ነበር።

መምህር አልነበረውም ያሉትን አልክድም። ነገር ግን ፈለገ። ካታካሊ የተባለውን የደቡብ ህንድ የውዝዋዜ ድራማ ከሻንካራን ናምቡዲሪ ተማረ፤ ሰሜን ህንድ አልሞራ ላይ የውዝዋዜ ማዕከል ሲከፍትም እኚህኑ መምህር ለካታካሊ፣ ካንዳፓ ፒላይን ባራታናትያም ለተባለው፣ አሞቢ ሲንግን ማኒፑሪ ለተባለው የህንድ ውዝዋዜ አስመጣ። እርሱ በልጅነቱ ያላገኘውን ለተማሪዎቹ ሰጠ ማለት ነው። ደግሞስ ካታካሊ በዘይት መብራት እስኪነጋ የሚዘልቅ ትዕይንት ነው፤ የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠው ሰዓቱን ለሚያይ ፓሪሳዊ ምን ያድርግለት?

ተቃዋሚ፦ ያሳጥርለት! ማሳጠር ነውር አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ሸጠ፣ ኋላ ተማረ። አልሞራም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተዘጋ። ይባስ ብሎ ማስታወቂያው «የሂንዱ ዳንሰኞች» እያለ፣ አጠገቡ ቆማ የምትወዛወዘው ሲምኪ ፈረንሳዊት ነበረች።

ደጋፊ፦ ሲምኪ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ ውዝዋዜ ያስተማራት እርሱ ነው። አልሞራ ድረስ ተከትላው ሄዳ እርሷም አስተምራለች። ውዝዋዜ በደም ይወረሳል ካላሉ በቀር ፈረንሳዊነቷ ምን ያስነውራል?

ተቃዋሚ፦ በደም አይወረስም፣ ወንድሜ፤ በትምህርት እንጂ። እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩ?