ኳሷን የሚነዳት ሾፌሩ ነው

አባቶቻችን ራዲዮው ሲንጫጫባቸው ጎኑን በጥፊ ይሉት ነበር። ቴሌቪዥኑም ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አናቱ ላይ አንድ ሁለቴ ይቀምስ ነበር። እኛ ተማርን ባዮች «ዕቃ ዱላ አይገባውም» እያልን ሳቅንባቸው። ይኸው ዛሬ ሲነቀንቁት የሚገባው፣ ሲያዘነብሉት የሚታዘዝ ስልክ መጣ። ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ፤ ጥፋቱ ሳይሠለጥን ገበያ የወጣው የራዲዮው ነው።

ነገሩ አስማት የለበትም። በስልኩ ሆድ ውስጥ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ ቁራጭ ውስጥ፣ ከሲሊከን በተሠራ ሞላ ላይ የተንጠለጠለች ኢምንት ክብደት አለች። ስልኩ ሲያዘነብል የምድር ስበት ወደ አንዱ ጎን ይጎትታታል፤ ምን ያህል እንደተጎተተች በኤሌክትሪክ ይለካል። አክስለሮሜትር የሚሏት እሷን ነው። ስልኩ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር የሚከታተለው ደግሞ ጃይሮስኮፕ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፉኮ ስሙን ያወጣለት በ1852 ሲሆን፣ ስልክ ውስጥ የገባው ግን በ2010 በአይፎን 4 ነው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን ይቆጠርልኝ። ጨዋታ ሠሪዎች እነዚህን ቁጥሮች ይቀበሉና በስክሪኑ ላይ ያለችውን ኳስ ወይም መኪና ይነዱባቸዋል። ጠረጴዛ ላይ የተኛ ስልክ የሚያነበው ቁጥር፣ ማለትም የስበቱ መጠን፣ በሜትር በሰከንድ ካሬ 9.8 ገደማ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ስበቱ ከሺህ አንድ እጅ የማይሞላ ቅናሽ አድርጎልናል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅናሽ የተደረገበት ብቸኛው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ፣ ይህች ክብደት ማን እንደነቀነቃት አታውቅም። እጅ ይሁን፣ ጉድጓድ ይሁን፣ የሾፌር ንዴት ይሁን፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። ይህን ለማየት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ከፊቴ ያለው ወጣት አንዲት የብረት ኳስ በጉድጓዶች መካከል እያሾለከ ወደ መውጫው ለማድረስ ይታገላል። ስልኩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ትከሻው ይከተለዋል፤ ትከሻውን አንገቱ፣ አንገቱን ደግሞ ምላሱ። ከጎኑ የተቀመጡት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ጥቂት ታገሡትና፣

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትወዛወዘው? ሆድህን ነው?» አሉት።

«አይ እማማ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትገባብኝ ነው።»

«እሱስ ለሾፌሩ በታየው!»

ይህን ይበሉ እንጂ ዓይናቸውን ከስክሪኑ መንቀል አልቻሉም። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ኳሷም ቁልቁለቱን ተያያዘችው፤ እሳቸውም ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ያሰገጉት ሁለት ሰዎችም አብረው ተለጠጡ። ኳሷ የመጨረሻውን ጉድጓድ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ልታልፍ አንዲት ጣት ያህል ሲቀራት፣ ከጋቢና አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» አለ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ ኳሷ ወደ ፊት ተፈናጥራ ገባች። ያ ሰው ፖስታ ቤት ጋ ሲወርድ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ በአራት ሰው ግልምጫ ተሸኘ። ረዳቱ ብቻ ነው «ሒሳብ» ያለው።

እዚህ ላይ ለስልኩ ጥብቅና ልቁም። አክስለሮሜትር የሚሰማው የፍጥነት ለውጥ እንጂ ጉዞ አይደለም። በቀጥታ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት የሚከንፍ መኪናና ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የተገተረ መኪና ለእሱ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኳሷ ካለችበት ንቅንቅ ሳትል ብትቀር፣ ስልኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ይልቅ ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ እውነቱን የተቀበለ እሱ ብቻ ነው፤ እኛማ «አሁን ይከፈታል» እየተባባልን ነው። ሌላም ጨዋነት አለው፦ ከ2019 ወዲህ በአይፎን ላይ አንድ ድረ ገጽ የስልካችሁን እንቅስቃሴ መከታተል ሲፈልግ በቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ታክሲው እኛን ከመነቅነቁ በፊት ጠይቆን ያውቃል?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ስልኩ ሲዞር ምስሉን ራሱን የሚያዞረው ነገር ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ ቡና ቤት፣ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ከባሕር ማዶ የተላከላቸውን የልጅ ልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ። ላኪው እንዴት እንዳነሣው እንጃ፣ ልጁ ጋውኑን እንደለበሰ በጎኑ ተጋድሟል። አባባ ሊያቃኑት ስልኩን አዞሩ፤ ልጁም አብሮ ዞረና እንደገና ተጋደመ። ወደ ሌላኛው ጎን አዞሩት፤ አሁንም ተጋደመ። «አባቱም እንዲሁ ግትር ነበር» አሉ። በመጨረሻ አራቱም ሽማግሌዎች አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጥለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በዚያው እንደተጣመሙ «እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ» እያሉ መረቁት። ከመንገድ ማዶ ለሚያያቸው አራቱንም አንድ ሌሊት ብርድ የመታቸው ይመስላሉ።

ያዳነቻቸው አስተናጋጇ ናት። «ይፍቀዱልኝ አባባ» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችውና እንደተኛ አዞረችው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልክ በጀርባው ሲተኛ ስበቱ በጀርባው በኩል ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከአራቱ ጠርዞች የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ የሚያውቅበት የለውም፤ የቀደመውን ይዞ ይቆያል። አባባ ግን ሌላ ማብራሪያ ነበራቸው፦ «አያችሁ? ይህ ዕቃ ምክር የሚሰማው ሲተኛ ነው።»

እርምጃ ቆጣሪውም የዚችው ክብደት ሥራ ነው፤ ስንራመድ የሚሰማትን ወጥ ንጠት እየለቀመች ትቆጥራለች። አንድ መሥሪያ ቤት ስሙን ትቼ ላውራ። ሠራተኛው ለጤናው እንዲራመድ ተብሎ ውድድር ወጣ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ብዙ የተራመደ ይሸለማል ተባለ። አንደኛ የወጡት ከወንበራቸው ንቅንቅ የማይሉት ኃላፊ ናቸው። ስልካቸው ሳምንቱን ሙሉ የዋለው በተላላኪው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ደብዳቤ ይዞ ፎቅ ሲወጣ፣ ቡና ሊያዝ ሲወርድ፣ ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት። የሽልማቱን የምስክር ወረቀት ከምድር ቤት እስከ ቢሯቸው ያመጣላቸውም ራሱ ነው፤ ስልኩ አሁንም ኪሱ ውስጥ ስለነበር ያም ተቆጥሮላቸዋል።