ለጅማ ቁርስ አንድ ቧንቧ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄርማታ ገበያ ዳር የደረሰ ሰው ቀድሞ የሚሸተው ቡና አይደለም። ጨጨብሳ ነው። ቂጣው ከምጣድ እንደወጣ፣ ጣት እያቃጠለ ይቆራረሳል። ከዚያ በበርበሬ ይታሻል፤ ለከፈለ በቅቤ፣ ላልከፈለ በዘይት። ከላይ የተወጠረው ላስቲክ ዝናቡን ያንጠባጥባል። ጅማ ናትና ዝናቡ አይጠፋም። ከላስቲኩ ስር አራት አምስት ዱካ አለ፤ ባጃጅ ነጂ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ተማሪ፣ ከገጠር ቡና ይዞ የመጣ ገበሬ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበላሉ።

ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ ቅቅል ጎዳሬ በዳጣ አለ። ጎዳሬ የዚህ አገር ምግብ ነው፤ ሆድ ይይዛል፣ ዋጋው አይጎዳም። ሽሮ በትንሽ ድስት ይንፈቀፈቃል። የምስር ሳምቡሳው ከዘይት እየወጣ በጋዜጣ ይጠቀለላል። የበቆሎ ወቅት ሲሆን መንገዱ ሁሉ እሸት ጥብስ ይሸታል። እኔ ብዙ ምግብ ቤት በልቻለሁ። እንደዚያ ጎዳሬ ግን ረክቼ የተነሳሁበት ጥቂት ነው።

ይህን የማነሳው ሰሞኑን ቡና እየጠጣን የሰማሁት ንግግር ስለከነከነኝ ነው። «ከተማው እያማረ ነው፤ ላስቲክ ዘርግተው የሚያበስሉት መነሳት አለባቸው» አለ አንዱ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በኮሪደር ልማቱ አልከፋም። መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲተከል ደስ ይለኛል። ግን እነዚህ ሴቶች ሲነሱ ያ ጫኝና አውራጅ ቁርሱን የት ይበላል? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ኑሮው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ሬስቶራንት ገብቶ መብላት ለደመወዝተኛውም ከብዷል። መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች ምሳቸውን እዚያው ዱካ ላይ ሲበሉ አያለሁ። የድሃ ብቻ ምግብ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሄዶ ይይ።

ሄርማታ ደግሞ ትናንት የተፈጠረ ገበያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን የሐሙስ ገበያው ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። ያ ሁሉ መንገደኛ ሲመጣ አብስሎ የሚያበላው ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬም ያስፈልጋል።

ንጽሕናውስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሳህኑ ሁሉ በአንድ ሳፋ ውሃ ሲለቀለቅ አይቻለሁ፤ ያሳስበኛል። ምግቡ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ጀርም በደንብ የሚራባው በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ዓይንህ እያየ ከእሳት ወርዶ እየጨሰ የሚቀርብልህ ሽሮ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ነው። አድሮ የተሞቀም አይደለም፤ ያበሰሉት እስከ ከሰዓት ያልቃል። የጎደለው ውሃ ነው። መጸዳጃ ነው። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። እነዚህን ደግሞ አንዲት ጨጨብሳ ሻጭ በራሷ ልታመጣቸው አትችልም፤ ከተማው ይችላል።

ሲንጋፖር ይህንኑ ጉዳይ ከ50 ዓመት በፊት ተጋፍጣለች። ጎዳና ላይ የሚያበስሉ በሺዎች ነበሩ። መንግሥት መጀመሪያ መዘገባቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1986 ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመርና መብራት ያላቸው የምግብ አዳራሾች ሠርቶ ወደዚያ አስገባቸው። አዳራሾቹ ሕዝብ በሚኖርበት ሰፈር ስለሆኑ ደንበኛው አልጠፋም። አሁን ከ110 በላይ ናቸው፤ ዋጋቸውም ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ ይህን የአመጋገብ ባህል በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

እኛ እንደነሱ ትልልቅ አዳራሽ ዛሬ እንሥራ አልልም። በየገበያውና በየመናኸሪያው አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ይበቃል። ሩቅ ግን አይሁን። ቦታው ከበላተኛው ከራቀ ጫኝና አውራጁ ሥራ ጥሎ አይሄድም፤ ሴቶቹም ተመልሰው መንገድ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፣ ድስት ይወሰዳል፣ ልጅ ቤት ውስጥ ሳይበላ ያድራል። ይህን ማንም አይፈልግም።

ባለፈው ሐሙስ ቁርስ ከበላሁባቸው እናት ጋር ተጫወትን። «እትዬ፣ ከተማው አንድ ነገር ላድርግልዎ ቢል ምን ይጠይቃሉ?» አልኳቸው።

«ውሃ፣ ልጄ» አሉ። «ጀሪካኑን ከዚያ ማዶ በጀርባዬ ነው የማመጣው። በቀን ሦስቴ።»

ይህን ብለው ከጀሪካኑ ትንሽ ቀዱና ለቀጣዩ ሰው እጅ አስታጠቡ።