ማስተካከያ፦ "ካልተጠየቀ አይገደድም" ያልኩት ስህተት ነው

ባለፈው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ስጽፍ መንግስት አገልግሎቱን ተደራሽ ለማድረግ የሚገደደው ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ብቻ ነው ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ሁለት ግዴታ ነው የቀላቀልኩት።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ላይ ያለው ተደራሽነት፣ ኮንቬንሽኑን ያጸደቀ አገር ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ የሚሰራው ስራ ነው፤ የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተመድ ኮሚቴ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 2ኛ አጠቃላይ አስተያየት (አንቀጹን በሚያብራራው ሰነድ) በግልጽ ጽፎታል። ሰው ሲጠይቅ የሚመጣው ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚባለው (ለአንድ ሰው ፍላጎት ተብሎ የሚደረግ ማስተካከያ) ሌላኛው ግዴታ ነው፣ "ከአቅም በላይ ሸክም ነው" የሚለው መከራከሪያም የሚሰራው እሱ ላይ እንጂ በሩ ላይ መሰራት ያለበት ራምፕ (የዊልቸር መውጫ ተዳፋት) ላይ አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ለምሳሌ አንድ ቅጽ እንደ ፎቶ ስካን ተደርጎ ዌብሳይት ላይ ከተጫነ ስክሪን ሪደር (የስክሪን ጽሁፍ በድምጽ የሚያነብ ሶፍትዌር) እንደ ጽሁፍ በቀጥታ አያነበውም፣ እኔ በጻፍኩት ከሄድን ማየት የተሳነው ሰው መጀመሪያ ማመልከት አለበት ማለት ነው (ምናልባትም እዛው ቅጽ ላይ!)። ድሮ የተሰሩ ህንጻዎች ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ፣ አዲስ የሚሰራው ግን ከዲዛይኑ ጀምሮ ነው።

የድሮውን ፖስት አስተካክዬዋለሁ፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያጋራችሁ ካላችሁ ይሄኛውን አያይዙልኝ።