የኮመጠጠውን ጠላ ማን ያሳያል?

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዩቲዩብ ላይ ቢራ ሲጠመቅ አያለሁ። ሲያትል ከመጣሁ ወዲህ የያዘኝ አመል ነው። ጠማቂዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ጢማቸው ተንዠርግጎ፣ ጋራዣቸው ውስጥ ቆመው ያወራሉ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ወንድ ልጅ ጋን አጠገብ ከታየ ሊጠጣ ነው እንጂ ሊጠምቅ አይደለም።

እዚህ አገር ቢራን በመኖሪያ ቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ከፈረሙ በኋላ ነው። ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ያለ ታክስ ይጠምቃል። መሸጥ ግን አይቻልም። እኛ ሰፈር እንዲህ ዓይነት ሕግ ቢወጣ ስንቷ እናት ልጆቿን በምን ታሳድግ ነበር?

አብዛኛው የዩቲዩብ ዝግጅት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃ ማሻሻጫ ነው። ዛሬ አዲስ ፓምፕ፣ ነገ አዲስ በርሜል። ቢራውን እንደ ጌሾ የሚያመርረውን ሆፕስም ካስኬድ፣ ሲትራ፣ ሞዛይክ እያሉ እንደ ልጅ ስም ይጠሩታል። (የአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው ከእኛ ተራራ ማዶ፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ነው።) ስለ ንጽህና ሲሰብኩ ግን እማዬን ያስታውሱኛል። እነሱ ዕቃውን በኬሚካል ያጥባሉ። እሷ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ አፍንጫዋን አስገብታ አሽትታ ነው ጥንስሱን የምትጀምረው።

የኛዎቹ የጠላ ቪዲዮዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። «ሰላም የተወደዳችሁ ቤተሰቦቼ» ተብሎ ይጀመራል። ጌሾው ስንት ነው? «በመጠኑ»። ብቅሉስ? «እንደ አስፈላጊነቱ»። ከዚያ ስክሪኑ ብልጭ ይልና «ከሦስት ቀን በኋላ» ይባላል። ድፍድፉ ደርሷል፣ አሻሮው የት እንደገባ እንጃ፣ ጠላው ጥርት ብሎ ብርሌ ውስጥ ተቀድቷል። አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ከሁሉም የወደድኩት አንድ የጋራዥ ጠማቂ አለ። የበርሜሉን ክዳን ከፈተ፤ ቢራው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ስስ ነገር ተጋግሯል። በማንኪያ ገለጥ አድርጎ ቀመሰ። ፊቱ ጭምድድ አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ የት እንደተሳሳተ እያስረዳ፣ አምስት ጋሎኑን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ደፋው። ከዚህ ሰውዬ የተማርኩትን ያህል ከማንም አልተማርኩም።

እኛ ጋ ይሄ እንዴት ይታሰባል? አንድ ዓመት እማዬ የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠላው ኮመጠጠባት። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ቀርቷል። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። በስንጥቁ ሳያት ጋኑን ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። በኋላ አክስቴ ከጎረቤት በእንስራ አሸክማ በጓሮ አስገባችላት። ማኅበርተኛው «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ጠጥቶ ሄደ። ምን እንዳበላሸው ግን እስከ ዛሬ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። አክስቴም አፏን ዘግታ ሞተች።

ባለፈው ወር እኔም ከሐበሻ ሱቅ ጌሾና ብቅል ገዝቼ በፕላስቲክ ባልዲ ጠነሰስኩ። በአምስተኛው ቀን ሽታው አላማረኝም። ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ባልዲው ላይ ደቀንኩት።

«ዝቅ አድርገው እስቲ» አለች። ዓይኗን አጥብባ አየች። «ቅጠሉ በዝቷል። ለማን ነው የጠመቅከው ልጄ? ማኅበር አለብህ?»

«ኧረ የለብኝም። ለራሴ ነው።»

«ሰው አልጠራህም?»

«ማንንም አልጠራሁም እማዬ።»

«ታዲያ ቢበላሽስ ምን ቸገረህ!» አለችና ሳቀች።