የውሻ ጥፍርም እኮ ይቆረጣል!

ይሄን ነገር ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሚጡ ትንሽ ነጭ ውሻ ናት። አምስት ኪሎ አትሞላም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። የግቢ ውሻ አፈሩንና ድንጋዩን ሲረግጥ ይውላል፣ ጥፍሩም ትንሽ ትንሽ ይሞረዳል። ሚጡ ግን በምን ትሞርደው? ስትሄድ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ጥፍሯ ወለሉን እየገፋ ጣቷን እያጣመመባት ነው!

የሸጠልኝ ሰውዬ ምን እንደምትበላ ነግሮኛል። ክትባቷ መቼ እንደሆነ ነግሮኛል። ስለ ጥፍር ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ብሩን ቆጥሮ ሲቀበል ሁለት ደቂቃ ጨምሮ «በየሦስት በየአራት ሳምንቱ እያየሽ ቁረጪላት» ቢል ምን ነበረበት?

ባለፈው ወር ሳጥባት ከፊት እግሯ በውስጥ በኩል፣ ከሌሎቹ ከፍ ብላ የበቀለች ጥፍር እጄን ነካችኝ። ጸጉር ሸፍኗት አይቻት አላውቅም። መሬት ስለማትነካ በራሷ አታልቅም። ቀለበት ሠርታ ዞራ ጫፏ ቆዳዋን ሊወጋ ደርሷል። ስነካት እግሯን ሸሸት አደረገች እንጂ አልጮኸችም። ስንት ጊዜ አሟት ይሆን ዝም ያለችው?

የውሻ ጥፍር መቁረጫ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ የለም። በሰው ጥፍር መቁረጫ ሞከርኩ። እባካችሁ አትሞክሩት። የውሻ ጥፍር ክብና ወፍራም ነው፤ የሰው መቁረጫ ጨፍልቆ ይሰነጥቀዋል። ደግሞ በውስጡ ደም ሥርና ነርቭ አለ። ነጩ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ጥቁሩ ላይ ግን ምንም አይታይም። ሚጡ ደግሞ ነጩም ጥቁሩም አላት። ጥቁሩን ስቆርጥ ደሙ ሴራሚኩ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ኮርን ፍላወር ጫፉ ላይ ይዤ ተጭኜ ቆየሁ፤ ደቂቃዎች ፈጅቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቁረጫ ካየች ሶፋ ሥር ትገባለች።

ሐኪም ጋ ልውሰዳት ስል ባለታክሲው «ውሻ አልጭንም» ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጎረቤቴ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ሰው በተቸገረበት ዘመን የውሻ ጥፍር ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። አዎ፣ ያስጨንቀኛል! እቤቴ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሚጡ ጥፍሯን ራሷ መቁረጥ አትችልም።

በስንት መከራ ያገኘሁት ሐኪም አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እያሳየኝ ሠራው፣ እግዜር ይስጠው። ጥቁሩን ጥፍር በአንዴ አትገምጪው አለኝ። እንደ ወረቀት ስስ እያደረግሽ ቁረጪ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ የተቆረጠውን ፊት እዪ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ሲል አቁሚ። በጣም የረዘመውን ደግሞ በአንድ ቀን አታሳጥሪው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከተነካ ውስጡ ያለው ደም ሥርም ወደ ኋላ ይሸሻል።

በቃ ይሄው ነው። ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው ያቺ ልጅ የደማችው።

አሁን በቀን አንድ ጥፍር ብቻ ነው የምንቆርጠው። መጀመሪያ መዳፏን ይዤ ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ እሰጣታለሁ፣ ከዚያ መቁረጫውን አስሸትታታለሁ፣ ከዚያ አንዷን። ትላንት ሶፋ ሥር አልገባችም። የኋላ እግሯ ላይ ሦስት ጥቁሮች ቀርተውናል።

ውሻ የምትሸጡ ሰዎች፣ በእናታችሁ፣ ስትሸጡ ስለ ጥፍሩ ንገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የትንሽ ውሻ ጥፍር መቁረጫ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁም ጻፉልኝ፤ ይሄ የተዋስኩት ነው፣ ቅዳሜ እመልሳለሁ።