«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

ሁለት ልጆች አውቃለሁ። ጅማ፣ ከመርካቶ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው የቡና እርጥበት መለኪያ ይሠራሉ። ቡና በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል፤ ነጋዴው ግን እስካሁን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚገምተው። ጠረጴዛቸው ላይ ሽቦ፣ የተፈታታ ቦርድና በሲኒ የተሰፈረ ጥሬ ቡና አለ። መብራት ሲሄድ ቁጭ ብለው ያወራሉ።

ያማረራቸው ግን መብራቱ አይደለም። መለኪያቸውን ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ለማመሳከር አንድ ተቋም ሄደው ነበር። ጥበቃው «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አላቸው። የሚጠሩት ስም የለም። «እንግዲያው ደብዳቤ አምጡ።» ከማን? ማኅተም እንኳ ገና የላቸውም።

ስለ ሳይንስ ፓርክ፣ ማለትም የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከምርምር ተቋም አጠገብ ተከራይተው ስለሚሠሩበት ግቢ፣ ሲወራ ሁሌም ሕንጻው ይቀድማል። እኔ ግን ድርጅቶች እዚያ የሚገቡት በዋናነት ይህን የጥበቃ ጥያቄ ለማምለጥ ይመስለኛል። አሜሪካ ያለውን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እዩ። ዩኒቨርሲቲው መሬት ሞልቶታል፣ ገንዘብ የለውም፤ መሬቱን እንዳይሸጥ ደግሞ የመሥራቾቹ ስጦታ ያግደዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1951 ማከራየት ጀመረ። የመጀመሪያው ተከራይ ቫሪያን የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ነው። መሥራቾቹ ቀድሞውንም በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። የድሮ ባልደረቦቻቸው አጠገብ መሆን ፈለጉ፣ በቃ። ታይዋን ውስጥም የሺንቹ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችና አንድ ትልቅ የምርምር ተቋም አጠገብ ነው። የቺፕ አምራቹ ቲኤስኤምሲ በ1987 የተወለደው ከዚያው ተቋም ነው።

እውነት ለመናገር አድራሻም ይስባል። ባንክ «ቢሯችሁ የት ነው?» ሲል «ከመርካቶ ጀርባ» ማለትና የፓርክ ስም መጥራት አንድ አይደለም። ችግሩ አንዳንዱ ፓርክ ከአድራሻ አያልፍም። እንግሊዝ አገር ፓርክ ውስጥ ያሉትን ድርጅቶች ውጭ ካሉት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በምርምር ሥራቸው ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። አጥር መጋራት ብቻውን አያስተዋውቅም።

ጅማ ዕውቀት አላጣችም። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጅና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህዶ ሲመሠረት ሁለቱም የቆዩ ነበሩ። መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ስለ ቡና ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ ግን ሼዱ በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ ለሚቀጥር ፋብሪካ ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት በወር የሚከፈል አንድ ክፍል፣ የመግቢያ ባጅና በር ላይ የተለጠፈ የላቦራቶሪ ዋጋ ዝርዝር ነው። ለዚህ የመሠረት ድንጋይ አይጣልም፤ ሪባንም አይቆረጥም። ሳይሠራ የቀረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥበቃው የመለሳቸው ተቋም ገቡ። እዚያ የምትሠራ አንዲት የክፍል ጓደኛቸው ትዝ ብላቸው ስሟን ለጥበቃው ጠሩ። መለኪያው ትንሽ ይሳሳት ነበር። በግማሽ ሰዓት አስተካክለውት ወጡ።